የቤተ ሰብ ምክር፤ ሞተር በሰው አገር ቢቆም ማን ይደርሳል?



ቀድሞ ባገራችን ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው በቅሎውን አስጭኖ፥ ስንቁን አሲዞ፥ አሽከሩን አስከትሎ ይነሣ ነበር። በቅሎዪቱ ብታነክስ ከደረሰበት መንደር ገብቶ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ያድራል፤ በማግሥቱም በቅሎዪቱን ላሳደረው ሰው አደራ ሰጥቶ ሌላ ተውሶ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ሲሆን የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ዋሱ ያገር ልማድ ነበረ። ዛሬ ግን ልጆቻችን በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጠው የብዙ ቀን መንገድ ባንድ ቀን ያልፋሉ። ወሰን ተሻግረውም ቋንቋውን ከማያውቁት፥ ብራችንም ከማይሠራበት አገር ይገባሉ። በዚያ ሥፍራ ሞተሩ ሲቆም አደራ የሚቀበል ዘመድ የለም። የሚረዳቸው አስቀድመው የተዋዋሉት ውልና አስቀድመው ያሰናዱት ስንቅ ብቻ ነው። ዛሬ የምንጽፈውም ስለዚሁ ውል አመራረጥ ነው።

ነገሩን ያስነሣብን የአንድ ቤተ ሰብ ክርክር ነው። በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ አጠገብ ባለችው በአሪቻ የሚኖሩ አንድ ባለ ቡና፥ ልጃቸው በሞተር ሳይክል እስከ ናይሮቢ ሊሄድ ስለ ተነሣ ምን ዓይነት መድን እንደሚገዙለት ጠየቁን። አባትየው «ያለው ወረቀት ሁሉ ይገዛ፤ ለገንዘቡ ቡናዬን እሸጣለሁ» ይላሉ። ልጁ «አባዬ፥ ወረቀት ጎማ አይነፋም፤ ገንዘቡን በእጄ ስጡኝ» ይላል። እናቲቱ ደግሞ «ከሁሉ በፊት፥ ልጄ ሲደውል ስልኩን የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ፥ አንሥቶም ከየት ተነሥቶ እንደሚደርስለት ንገሩኝ» ይላሉ። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ የነገሩ ቁልፍ ግን የእናቲቱ ጥያቄ ነው። እኛም ምክራችንን ሁሉ በዚሁ ጥያቄ ላይ እንመሠርታለን።

አስቀድመን መንገዱን እንመልከት። አሪቻ በእንሰትና በቡና የተሸፈነች ደጋማ ቀበሌ ናት፤ በሩቅ አገር ያሉ ቡና ጠጪዎችም ስሟን ያውቁታል። እንሰትን፥ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን ባንድነት የሚያበቅለው የጌዴኦ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ከቀበሌዪቱ ወርዶ ይርጋ ጨፌ የደረሰ ሰው ባንድ ታላቅ ጎዳና ላይ ይቆማል። ይኸውም ካዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳና በዲላ፥ ከዚያም በሀገረ ማርያም፥ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው፥ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ይዘልቃል የሚባለው የአፍሪካ አውራ ጎዳና ክፍል ነው። ከይርጋ ጨፌ እስከ ሞያሌ 375 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ደግሞ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

በዚህ አቅጣጫ በሞተር መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን ዓለምን ሲዞር በ1966 ዓ.ም. በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ኬንያ ወርዷል። ኢዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉት ተዋናዮችም በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን ሲነዱ በሁለቱ አገሮች አልፈዋል። በዚያ ዘመን ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሞተር የሚሰባብር ጠጠርና ድንጋይ ነበረ። በአስፋልት ተሠርቶ ያለቀው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ የድንበር ጣቢያ በሞያሌ ተመርቆ ተከፍቷል። መንገዱ ቢቃናም ርቀቱና ምድረ በዳው እንዳሉ ናቸው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ብቻ 245 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም ከጥቂት መንደሮች በቀር ውሃና ጥላ አይገኝም። በዚህ ሥፍራ የቆመ ሞተር የጊዜ ማባከኛ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት የሚፈተንበት ነገር ነው።

እንግዲህ የብልሽት ርዳታ ውል ማለት ምን ማለት ነው? ሞተሩ በመንገድ ላይ በራሱ ሲበላሽ መካኒክ ለመላክ፥ ባይጠገንም ወደ ጋራዥ ለማስጐተት፥ መንገደኛውንም ለማሳደር ወይም ወደ ቤቱ ለመመለስ አንድ ድርጅት ገንዘብ ተቀብሎ የሚገባው ግዴታ ነው። አጀማመሩን ብንመረምር ከእኛ እድር ብዙ የራቀ አይደለም። ዛሬ አዳክ ተብሎ የሚጠራውና ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት የጀርመን ማኅበር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1903 በሽቱትጋርት ከተማ ሲመሠረት የሞተር ሳይክል ነጂዎች ማኅበር ነበረ። በእንግሊዝ አገርም በ1905 ተመሳሳይ የባለ መኪኖች ማኅበር ቆመ። እንደ እድርተኞች ሁሉ አባላቱ በየጊዜው ያዋጣሉ፤ ችግር ባገኛቸው ቀን ማኅበሩ ይደርስላቸዋል።

ነገር ግን እድር የሚረዳው እድርተኛው ባለበት ሰፈር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ያዲስ አበባ እድር ድንኳኑን ተሸክሞ ሞያሌ አይወርድም። የብልሽት ርዳታ ውልም እንዲሁ ነው፤ የሚደርሰው ማኅበሩ ሰውና መጐተቻ መኪና ባለው ሥፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ የውሉ ዋጋ የሚመዘነው በወረቀቱ ማማርና በክፍያው ትልቅነት አይደለም፤ በችግሩ ሥፍራ ሰው በማስገኘቱ ነው። ሰው በሌለበት ሥፍራ የተገዛ ተስፋ ባዶ ተስፋ ነው።

ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው የመድን ወረቀቶችን ዓይነት ባለመለየቱ ስለ ሆነ፥ አንድ ባንድ እንለያቸው።

የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ባገራችን በአዋጅ ቍጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ፥ ባለ ሞተር ሳይክልም ጭምር፥ ይህን ሳይገባ ሊነዳ አይፈቀድለትም። ይህ መድን ሞተራችን ሌላውን ሰው ቢጐዳ ለዚያ ለተጐዳው የሚከፍል ነው፤ የእኛ ሞተር ቢቆም አይመለከተውም።

ሁለተኛው ቢጫ ካርድ የሚባለው ነው። ይህ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች መካከል በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተጀመረ ሲሆን፥ ዛሬ በኮሜሳ ማኅበር ሥር ይሠራል። የሦስተኛ ወገን መድናችን በኬንያ፥ በኡጋንዳ፥ በታንዛኒያ፥ በሩዋንዳ፥ በጂቡቲና በሌሎችም አባል አገሮች እንዲታወቅ ያደርጋል፤ የነጂውንና የተሳፋሪውን የሕክምና ወጪም በተወሰነ መጠን ይሸፍናል። ባገራችን ጉዳዩን በማእከል የሚያስተባብረው በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው። ወሰን ለሚሻገር ሰው እጅግ አስፈላጊ ወረቀት ነው። ሆኖም ብዙዎች «ቢጫ ካርድ አለኝ» እያሉ ካቴና ሲበጠስ የሚረዳቸው ይመስላቸዋል። ቢጫ ካርድ ካቴና አይቀጥልም፤ መጐተቻም አይልክም።

ሦስተኛው የገዛ ንብረትን ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ የሚባለው መድን ነው። ይህም ቢሆን የሚከፍለው ሞተሩ ቢጋጭ፥ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ነው። በእርጅናና በመልበስ ለሚመጣ ብልሽት አይከፍልም፤ ብዙውን ጊዜም ልዩ ስምምነት ካልተጨመረበት ካገር ወሰን ውጭ አያገለግልም።

አራተኛው የሰውን ሕይወትና ጤና የሚመለከተው፥ ማለት የሕክምናና ሕመምተኛን ወደ ሆስፒታል የማድረስ ውል ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1957 በናይሮቢ የተመሠረተው የአምሬፍ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። አምስተኛው ከላይ የተረጐምነው የብልሽት ርዳታ ውል ነው። እነዚህ አምስቱ እንደ አምስት ጣቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

አሁን ስለ ብልሽት ርዳታ ውል አመራረጥ እንናገር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የክርክር መዝገብ የሚገለብጥ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ተከራካሪዎች የሚጣሉት ባነበቡት ነገር ሳይሆን ሳያነቡ በፈረሙት ነገር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንደኛ፤ ማን ይመጣል? ከየትስ ይነሣል? ድርጅቱ ሰው ይልካል ወይስ እኛ ከፍለን ደረሰኝ ስናመጣ ገንዘቡን ይመልሳል? ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሰው የሚልክ ከሆነ በሞያሌ፥ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ የሚሠሩለትን ጋራዦች ስም ይንገረን። ስም መጥራት ካልቻለ «እንልካለን» ማለቱ ቃል ብቻ ነው። ገንዘብ የሚመልስ ከሆነ ግን መጥፎ አይደለም፤ ሰው በሌለበት ምድር እንዲያውም እርሱ ይሻላል። ብቻ የመጀመሪያውን ወጪ የምንከፍለው እኛ መሆናችንን አውቀን እንሰናዳ።

ሁለተኛ፤ የትኛው አገር ነው? ለስንት ቀን? አገሩ በስሙ ተጽፎ ካልተገኘ እንደሌለ ይቈጠር። ይህ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይልቁንም ያስፈልጋል። በለንደን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር ልጃችን ሞተሩን ነድቶ አገሩን ለማየት ቢያስብ፥ በዚያ የገዛው «የውጭ አገር» ርዳታ በብዙው የአውሮጳን አገሮች ብቻ የሚመለከት ነው። የሜዲትራኒያንን ባሕር በተሻገረ ጊዜ ውሉ ወደ ኋላ ቀርቶ እርሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ደግሞም ብዙ ውሎች ላንድ ጉዞ 30 ወይም 90 ቀን ብለው ይወስናሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቀን የማንም አይደለም።

ሦስተኛ፤ የእኛን ሞተር ይቀበላል? በብዙ ውሎች ከ50 ሲሲ በታች የሆነ ሞተር አይገባም፤ አንዳንዶቹም ከፍ ያለ ልክ ያወጣሉ። ዕድሜው ብዙ የሆነ ሞተርንም የማይቀበሉ አሉ። ሌላው አገር የሚሸጠው ውልም በዚያው አገር ታርጋ ለተመዘገበ ተሽከርካሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሊብሬው በማን ስም እንደ ሆነም ይታይ፤ ያጐቱን ሞተር የያዘ ልጅ የውክልና ወረቀት ከሌለው በድንበሩም በመድኑም ዘንድ ይቸገራል።

አራተኛ፤ ጎማ ቢተነፍስስ? መኪና ቅያሪ ጎማ ይይዛል፤ ሞተር ሳይክል አይይዝም። ብዙ ውል ግን የተጻፈው በመኪና ልክ ስለ ሆነ «ቅያሪ ጎማ ያልያዘ አይረዳም» ይላል። ለሞተር ነጂ ከሁሉ የሚበዛው ችግር የጎማ ነገር ነውና፥ ይህ ቃል በውሉ ውስጥ ካለ ከችግሩ የሚበዛው ክፍል ወጥቶ ተጥሏል ማለት ነው።

አምስተኛ፤ እስከ ስንት? ውሉ «እስከ 50 ኪሎ ሜትር እናስጐትታለን» ይላል እንበል። ሞተሩ በሞያሌና በማርሳቢት እኩሌታ ቢቆም ወደ ሁለቱም ከተሞች 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከዚህ 50ው በድርጅቱ፥ የቀረው 70 በነጂው ኪስ ይሆናል። እንዲሁም ሞተሩን ወዳገሩ ለመመለስ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከሞተሩ የገበያ ዋጋ አይበልጥም። ለርካሽ ሞተር ይህ ማለት «ጣለው» ማለት ነው። መጣል ደግሞ ቀላል አይደለም። በጊዜያዊ ፈቃድ የገባ ሞተር በጊዜው ካልወጣ የዚያ አገር ጉምሩክ ቀረጥ ይጠይቃልና።

ስድስተኛ፤ የማይሸፍነው ምንድር ነው? ከአስፋልት ውጭ የደረሰ ብልሽት፥ ከልክ በላይ የጫነ ሞተር፥ ለኪራይ ሥራ የዋለ ሞተር፥ የሞተር መንጃ ፈቃድ የሌለው ነጂ፥ ወቅቱን ጠብቆ ያልታደሰ ሞተር፥ ሁከት ያለበት አገር፥ እነዚህ ሁሉ በብዙ ውል ከሽፋኑ የወጡ ናቸው። ለአሪቻ ሰው የመጀመሪያው በተለይ ከባድ ነው። በክረምት ከቀበሌው እስከ አውራ ጎዳናው ያለው የሚያዳልጥ የጭቃ መንገድ ራሱ ከውሉ ሊወጣ ይችላል።

ሰባተኛ፤ ርዳታው የሚጠየቀው እንዴት ነው? ብዙ ድርጅቶች «አስቀድመህ ሳትደውልልን ያስጠገንኸውን አንከፍልም» ይላሉ። ስልኩ ሌሊትና በዓል ይሠራል? በምን ቋንቋ ይመልሳሉ? ባጭር ቍጥር ብቻ የሚጠሩ ድርጅቶችን ከኬንያ ስልክ ማግኘት አይቻልም ይሆናልና፥ ካገር ቍጥር ጋራ የተጻፈውን ሙሉ ስልክ ያዙ። ከመነሣታችሁም በፊት አንድ ቀን ደውላችሁ የሚያነሣ መኖሩን ሞክሩ።

በእኛ በኩል ደግሞ እውነቱን መናገር ግዴታችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን በደነገገው ክፍል ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ተዋዋዩም የሚያውቀውን ነገር በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። የሞተሩን ዕድሜ የቀነሰ፥ ለኪራይ የሚያሠራውን «ለግሌ ነው» ያለ ሰው ዐውቆ ከደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በፊርማ ቀን ጥቂት ብር ያተረፈ በብልሽት ቀን ሁሉን ያጣል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ የሚሻለው ምንድር ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ገንዘቡ አንድ ከሆነ፥ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሕግ ያዘዘውን የሦስተኛ ወገን መድንና ቢጫ ካርዱን ይግዙ፤ ያለዚያ መሻገርም አይገባም። ሁለተኛ የሕክምናውን ውል ይግዙ፤ ሰው ከብረት ይቀድማልና፥ የተሰበረ ሞተር ይጠብቃል፥ የተሰበረ እግር ግን አይጠብቅም። የብልሽት ርዳታው ሦስተኛ ነው። ይህንም ቢሆን በምንሄድበት አገር ሰው ካለው ማኅበር ጋራ መዋዋል ይሻላል። በኬንያ ለምሳሌ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1919 የተመሠረተ የባለ መኪኖች ማኅበር አለ። ያገር ውጭ ታርጋ ያለውን ሞተር ይቀበል እንደ ሆነ፥ ከናይሮቢስ ወደ ሰሜን እስከ የት ይደርስ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ። ሰባቱን ጥያቄዎች የሚመልስ ማኅበር ካልተገኘ፥ ለወረቀት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለብቻው ባንድ ከረጢት ይቀመጥ፤ ለብልሽት እንጂ ለሌላ እንዳይነካ።

ልጁ «ወረቀት ጎማ አይነፋም» ያለውም እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከሁሉ የሚበልጠው የብልሽት መድን የሞተሩ ዓይነት ነውና። በጌዴኦ ቀበሌዎች የሚመላለሱት ባጃጅ ቦክሰርና ቲ.ቪ.ኤስ. የሚባሉት ትንንሽ ሞተሮች በኬንያ ከተሞችና መንደሮችም ለኪራይ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ መለዋወጫቸውና የሚጠግናቸው ሰው ከይርጋ ጨፌ እስከ ናይሮቢ ባለው ከተማ ሁሉ ይገኛል። ዋጋው እጅግ የከበደ የአውሮጳ ሞተር ግን በብዙ መሣሪያ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ አንዲት ዕቃው ብትበላሽ ከባሕር ማዶ እስክትመጣ ሳምንታት ያስቀምጣል። ባለ ትንሹ ሞተር በቀስታ ይሄዳል፤ ነገር ግን የቆመ ዕለት ወዲያው ይነሣል።

ነጂውም ባዶ እጁን አይነሣ። ሁለት ካላማዳሪ፥ የጎማ መለጠፊያና ትንሽ መንፊያ፥ አንድ ካንዴላ፥ የካቴና መገጣጠሚያ፥ የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ፥ ፊውዝ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ለሞተሩ ልክ የሆነ ቁልፍ፥ ጠንካራ ገመድ፥ አምስት ሊትር ውሃ ይያዝ። ከመያዝም በላይ መጠቀሙን ይማር። ከመነሣቱ ሁለት ሳምንት በፊት በዲላ ወይም በይርጋ ጨፌ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሁለት ቀን ተቀምጦ ጎማ ማውለቅና መለጠፍ ቢለማመድ፥ ያ ትምህርት ከብዙ ገጽ ውል ይበልጣል። በኬንያ በግራ በኩል መነዳቱንም ከሞያሌ ሳያልፍ ልብ ይበል። ሞያሌ ሳይደርስም ያገሩን ጸጥታ ይጠይቅ፤ ከመሸ በኋላም አይንዳ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶች ቃል ለዚህ ለዚህ ነው።

የቤተ ሰብም ድርሻ አለው፤ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንደኛ፥ ሲደወል የሚያነሣ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ሁሉ ኀላፊ ከሆነ ማንም ኀላፊ አይደለም። ሁለተኛ፥ የፓስፖርቱ፥ የሊብሬው፥ የመንጃ ፈቃዱና የውሎቹ ግልባጭ በዚያ ሰው እጅ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ገንዘብ የሚላክበት መንገድ አስቀድሞ ይታወቅ። በኬንያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኤም ፔሳ በሚባል የስልክ ገንዘብ ብዙ ሰው ስለሚገበያይ፥ መንገደኛው ሞያሌ ሲደርስ የዚያን አገር ሲም ካርድ አውጥቶ ጥቂት ሽልንግ በስልኩ ቢይዝ በመንገድ ዳር ያለ መካኒክ እንኳ ይቀበለዋል። አራተኛ፥ በቤተ ሰቡና በመንገደኛው መካከል አንድ የምስጢር ቃል ይኑር። «ልጃችሁ ተጋጭቶ ወድቋል፥ ቶሎ ብር ላኩ» ብለው እናትን በሌሊት የሚያስደነግጡ አታላዮች በዝተዋልና፥ ያን ቃል ያልተናገረ ሰው ገንዘብ አይላክለት። አምስተኛ፥ መንገደኛው ማታ ማታ በተወሰነ ሰዓት ያለበትን ሥፍራ ያስታውቅ። ያ ሰዓት አልፎ ድምፁ ቢጠፋ ቤተ ሰቡ ለማን እንደሚያመለክት ቀድሞ ይወሰን።

አንዳንድ አባቶች ይህን ሁሉ ሰምተው «እንግዲያስ አይሂድ» ይሉ ይሆናል። ይህን አንመክርም። መንገድ ያላየ ወጣት በቤቱ ቢቀመጥ ከችግር አይድንም፤ ችግሩን ለመመከት ሳይሰናዳ ይቀራል እንጂ። ከጌዴኦ ተራራ ሥር የሚያልፈው ጎዳና የዓለምን መንገደኛ ሁሉ ሲያስተላልፍ የኖረ ነው፤ የእኛም ልጆች ቢሄዱበት ይገባል። ብቻ የሚገዛላቸው ወረቀት በችግር ቀን ሰው የሚያስገኝ ይሁን፤ ሰው በማያስገኝበት ሥፍራ ደግሞ እጃቸው ሙያ፥ ከረጢታቸው ገንዘብ ይኑረው። ውል ስትፈርሙ የክፍያውን ቍጥር ከማየታችሁ በፊት ጣታችሁን በወረቀቱ ላይ አሳርፋችሁ «ይህ ቃል በማርሳቢት በረሃ በእኩለ ቀን ማንን ያመጣል?» በሉ። መልሱ የሰው ስምና የሥፍራ ስም ከሆነ ፈርሙ፤ ያለዚያ ብዕሩን መልሱ።